ለሚጨፍር እጅ የሚሆን ካሜራ

ማክሰኞ

ሌባ ነው። ሲስቅ ግን ያምራል። ዱባይ ተራ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የካሜራ ነጋዴ ማለቴ ነው። «ጋሼ፣ ይኼ እጅ ቢንቀጠቀጥም ፎቶ አያበላሽም፤ ማረጋጊያ አለው» አለኝ። «እጄ እንደሚንቀጠቀጥ ማን ነገረህ?» ስለው ወደ ያዝኩት ሻይ አየ። ብርጭቆዋ ሳህኑ ላይ ጥርሷን ታፋጫለች። ከዳተኛ!

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ የልጅ ልጄ ሐያት ትዳራለች። ከዚህ ቤት የወጣች ሙሽራ ሁሉ የትልልቆቹን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ፣ በሩ ላይ ስትደርስ አንዴ ዞር ብላ ቤቱን ታያለች። ያኔ አነሳታለሁ። እህቶቼም ሴቶች ልጆቼም እንደዚያው ተነስተው ሳሎን ግድግዳ ላይ አሉ። ከመጨረሻዋ አጠገብ አንድ ባዶ ሚስማር የሐያትን ፎቶ ይጠብቃል። የፊልም ካሜራዬ ግን ሞቷል። እጄ አልሞተም፤ ይጨፍራል።

ልጄ ሙስጠፋ፣ የሐያት አባት፣ «አባባ፣ ካሜራማን ቀጥረናል። እርስዎ ቁጭ ብለው ይመርቁ» አለኝ። ቁጭ ብለው ይመርቁ! ልቀበር ነው እንዴ እንዲህ በትህትና የምነገረው? ካሜራማን የሚሉት በፍላሽ ነው የሚያነሳው። ፍላሽ ሙሽራን የተቀቀለ እንቁላል ያስመስላታል። ተከራከርን። እስከ ዓርብ ጥርት ያለ ፎቶ ካሳየሁት እኔ አነሳለሁ፤ ካላሳየሁት ቁጭ ብዬ እመርቃለሁ። ተስማማን።

ረቡዕ

ዕድሜዬን የጨረስኩት ጨርቅ ስሸጥ ነው። ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ሱቅ ውስጥ ባለ መብራት አይገዛም፤ ይዞት ፀሐይ ላይ ይወጣል፣ ጉዱን ያያል። ባለ ሳቁ ነጋዴ ታዲያ ሳልጠይቀው ካሜራውን ይዞ በረንዳ ላይ አወጣኝ። ጠራራ ፀሐይ። «ያንሱ ጋሼ!» አነሳሁ፤ ጥርት አለ። ደስ ሊለኝ ሲል ጠረጠርኩ። ፀሐይ ካለማ የማንም እጅ ያነሳል! የጨርቅ ጉድ ፀሐይ ላይ ከወጣ፣ የካሜራ ጉድ የሚወጣው ጨለማ ውስጥ ነው። የቤታችን መውጫ ደግሞ ጨለማ ነው።

ደረጃ ሥር አስገብቼው እንደገና አነሳሁ። እዚያም ጥርት። አፈርኩ። ልገዛ ተስማማን። ሲጠቀልልልኝ ግን ዐይኔን ከእጁ አልነቀልኩም። ሌንሱን ፈትቶ ሌላ ሌንስ ገጠመ።

«ምነው?»

«ያኛው የማሳያ ነው ጋሼ።»

«ማረጋጊያው የት ነው ያለው?»

«ሌንሱ ውስጥ።»

«የምትሰጠኝ ሌንስ ውስጥስ አለ?»

ሳቁ ጠፋ። «እሱ እንኳ... ደህና አድርገው ከያዙት...»

«ደህና አድርጌ መያዝ ብችል አንተ ጋ ምን ያመጣኛል?» አልኩና ወጣሁ። ትምህርት ግን ገብይቻለሁ፦ ማረጋጊያ አንዳንዱ ሌንሱ ውስጥ፣ አንዳንዱ ካሜራው ሆድ ውስጥ ነው። የሆዱን ማንም ፈትቶ አይወስድብኝም። እኔ የምፈልገው ባለ ሆዱን ነው።

ሐሙስ

ሰባተኛ ሰፈር ሄድኩ። ነስሩ የሚባል፣ ያገለገሉ ካሜራዎች የሚሸጥ ሰው አለ አሉኝ። አይስቅም። የማይስቅ ነጋዴ ከሚስቀው ይብሳል።

የምፈልገውን ነገርኩት። መደርደሪያው ጥግ ላይ ካለ ዕቃ ሥር አንድ ከባድ ጥቁር ዲጂታል አወጣ። «ማረጋጊያው ካሜራው ውስጥ ነው። የሚስማማው ሌንስ ከሆነ፣ አሮጌም ቢሆን ያረጋጋል» አለ። እኔም የሞተውን ካሜራዬን ሌንስ ከኪሴ አወጣሁ። ሙሽሮቹን ሁሉ ያየ ሌንስ ነው። አዙሮ ገጠመው፤ ቀጭ ብሎ ገባ። እንዲህ በቀላሉ የሚገጥም ነገር አላምንም። አማቾቼ እንኳ እንዲህ አልገጠሙም።

ካሜራው ሲበራ ደግሞ የሌንሱን ቁጥር ጠየቀኝ።

«ምን አገባው?»

«ምን ያህል ማረጋጋት እንዳለበት እንዲያውቅ ነው ጋሼ። አሮጌ ሌንስ ራሱን አያስተዋውቅም።»

ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ሃምሳ ሚሊሜትር ሞላንለት። የሱቁን መብራት አስጠፋሁትና ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አነሳሁ። ፎቶውን አሳደገልኝ፤ ቁጥሮቹ ይነበባሉ። «አሁን ማረጋጊያውን አጥፋልኝ» አልኩት። አጠፋው። አነሳሁ። ቁጥሮቹ ውኃ እንደገባበት የጉንዳን ቤት ተተራመሱ። መልሶ አበራው፤ ተሰለፉ። ወላሂ፣ እጄን ሰርቆ የሌላ ሰው እጅ ገጠመልኝ!

ገዝቼው ስወጣ ነስሩ ከኋላዬ፣ «ጋሼ፣ ይኼ የሚይዘው የእርስዎን እጅ ብቻ ነው። የሚነሳው ሰው ከተነቃነቀ አይረዳዎትም፤ በተለይ ጨለማ ላይ» አለኝ።

ያዝኩት! ነጋዴ መቼም ማምለጫ ሳያዘጋጅ አይሸጥም። እኛም «ቀለሙ አይለቅም፣ በሙቅ ውኃ ካልታጠበ» እንል ነበር። «ሙሽራዋ ተነቃንቃ ነው» ሊለኝ ነዋ! «ካልሆነ እመለሳለሁ» አልኩት። «ሰኞ አለሁ» አለ። አሁንም አልሳቀም።

ዓርብ

ከጁምዓ መልስ ፈተና። ሙስጠፋን መውጫው ላይ አቆምኩት፣ መብራት ሳይበራ። ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ደረቀ። አነሳሁና አሳድጌ ሰጠሁት። «በል፣ የአፍንጫህን ፀጉር ቁጠር።» ሐያት ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ቆጠረ መሰለኝ።

«እሺ አባባ። ግን ካሜራማኑም አጠገብዎ ይቁም።»

«ይቁም፤ ከዘራዬን ይያዝልኝ።»

በኋላ ከሐያት ጋር ሲንሾካሾኩ አየኋቸው። ስደርስ ዝም አሉ። ምን እየጠነሰሱ ነው?

ቅዳሜ

ቤቱ ሂና በሚቀቡ ሴቶች ተይዟል። ካሜራውን ትራሴ ሥር ደብቄዋለሁ። ባትሪው ሙሉ ነው፤ ሦስቴ አይቼዋለሁ። ባዶውን በር ደጋግሜ አነሳሁት። ሁሉም ጥርት። በር ጥሩ ደንበኛ ነው፤ አይስቅም፣ አያለቅስም።

ሻይ ስጠጣ እጄ አሁንም ይጨፍራል። አደራህን ነገ፣ አንተ ካሜራ።

እሑድ

ሄደች።

ጉልበታችንን ሳመች፤ መረቅናት። በሩ ላይ ደረሰች፣ ዞር አለች። ካሜራማኑ ፍላሹን ሲያነሳ ሙስጠፋ ክንዱን ይዞ አስቆመው። ለካስ የተንሾካሾኩት ይኼን ነበር። በጠረጠርኩት ልጄ ፊት አፈርኩ። ካሜራዬን አነሳሁ።

አፌ ግን አፌ ነው። «ሐያት፣ ባልሽ ካንኮራፋ ላኪብኝ፤ በከዘራ አስተኛዋለሁ» አልኩ። ፍርስ ብላ ሳቀች። ቀጭ።

አየሁት። በሩ ጥርት፤ ማጠፊያው ላይ ያለው ዝገት ሳይቀር። የሙስጠፋ ጫማ ጥርት። ሐያት ጭስ ናት።

ነስሩ እውነቱን ነበር። እጄ ተይዟል፤ ያልተያዘው ምላሴ ነው። ውጭ መኪኖቹ ጡሩምባ ይነፋሉ። «አባባ፣ መሸብን፤ ካሜራማኑ ያንሳ» አለ ሙስጠፋ።

«አንድ ጊዜ» አልኩ።

ከዚያ ዝም አልኩ። ሐያት ቀልዴን እየጠበቀች አየችኝ። አልመጣም። ሳቋ ቀስ ብሎ ፊቷ ላይ አለቀ፤ ዐይኗ ሞላ፤ ግን አልተነቃነቀችም። ቀጭ።

«አባባ፣ ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ።

አሁን ሁለቱንም አያለሁ። ሁለተኛው ጥርት ያለ ነው፤ ያልወረደው እንባዋ እንኳ ይታያል። ሙሽራ ናት። የመጀመሪያው ጭስ ነው፤ ግን ሐያት ናት። ሚስማሩ አንድ ነው።

ሙስጠፋ ዐይቶ፣ «መቼም ጥርት ያለው ነው የሚሰቀለው» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

እንዲህ ቶሎ እሺ ማለቴ አጠራጠረው። ሁለተኛ ሚስማር እንዳልመታ መዶሻውን ደብቆብኝ ነው የሄደው።