ለአራት የማይካፈል አድራሻ

ሰኞ

እዚህ አሜሪካ ሶዶ በሚባለው ሰፈር፣ በደንበኛችን መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚመዘግቡት አሥራ አንዱም ማሽኖች ቆመዋል። የጣላቸው ጠዋት የጫንነው ኮድ ነው። ኮዱ የእኔ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። አራት ባይት የሚይዝ ቁጥር ሜሞሪ ውስጥ ሲቀመጥ፣ አድራሻው ለአራት የሚካፈል መሆን አለበት። እኔ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ከአንድ ባይት ምልክት ጎን ለጠፍኩት። ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ኮምፒውተር እንዲህ ያለውን ችሎ ያልፋል። የመጋዘኑ ማሽን ቺፕ ግን አይምርም፤ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም፣ ከርነሉ፣ እዚያው ቀጥ ይላል። እኔ ደግሞ የሞከርኩት ጠረጴዛዬ ላይ ብቻ። ሃያ ዓመት ከርነል ጽፌ!

ማክሰኞ

ስብሰባ። አለቃችን "ይህን ኮድ ከመጫኑ በፊት ሪቪው ያደረገው፣ አይቶ ያጸደቀው ማነው?" አለ። ፍሬሕይወት እጇን አወጣች። ከአገር ቤት በሎተሪ ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እኛ ጋ የምትሠራው በኮንትራት ነው፣ ውሏም አርብ ያልቃል። "ታዲያ ሳታዪው ነው ያጸደቅሽው?" አላት። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔ አፌን ለጉሜ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ

እውነቱን እዚህ እንኳ ልጻፈው። አይታው ነበር። ሁሉም የሚያነበው ሪቪው ላይ የእኔን ስህተት መጻፍ ግን አሳፈራት፤ ታላቅ ሰው በአደባባይ አይታረምም ብላ። ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ብላ፣ "ጋሼ፣ ይቺ ፊልድ አላይን አልተደረገችም መሰለኝ፤ አድራሻዋ ለአራት አይካፈልም፤ እስቲ አንዴ ቼክ ያድርጓት" አለችኝ።

"ኦኬ፣ አውቃለሁ። አንቺ ብቻ አፕሩቭ አድርጊው።"

ሳንድዊቼን እየገመጥኩ! ቀና ብዬ እንኳ አላየኋትም። ሶ፣ የተጻፈ ነገር የለም። ማስረጃ ያጣችው እኔን ስላከበረች ነው።

"ዝም አይነቅዝም" ይላሉ። ውሸት ነው።

ሐሙስ

ከምኖርበት ከማውንትሌክ ቴራስ እስከ ቢሮ ድረስ ሰበብ ስደረድር ነዳሁ። የቤት ዕዳ። የልጄ ኮሌጅ። ዕድሜዬ። ስሜ። እውነተኛው የመጨረሻው ነው፤ አፍሬ ነው።

ስደርስ ኮቴን ሳላወልቅ ለሁሉም ጻፍኩ፦ "ስህተቱ የእኔ ነው። ፍሬሕይወት ቀድማ ነግራኛለች፤ ያልሰማኋት እኔ ነኝ።" አለቃችን አስጠራኝ። "ማክሰኞ ለምን አልተናገርክም?" አለኝ።

አርብ

ውሏ ታደሰ፤ ግን እያወቀች አጽድቃለች ተብሎ ለሦስት ወር ብቻ። ከሰኞ በፊት የታሰበላት የዓመት ነበር አሉ። ዘጠኙን ወር የበላሁባት እኔ ነኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። "ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ያኔ ሪቪው ላይ ጽፌው ቢሆን ይቀየሙኝ ነበር?" አለች።

"ኧረ በፍጹም" ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "አዎ" አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ለኮዱ በጻፍኩት እርማት ላይ ሦስት ኮሜንት ጻፈችብኝ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ። ሁለቱ ልክ ናቸው። በሦስተኛው ልከራከራት ቁጭ ብዬ አድራሻዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። እሱም ልክ ነው።