የደረጄ እርም

ግንቦት 23
ዝናብ ጀመረ። ክሊኒኩ ሞልቶ ዋለ... ጉንፋን፣ የልጆች ተቅማጥ፣ ከጉና በበቅሎ ተጭና የመጣች ወላድ። እናትም ልጅም ደህና ናቸው፣ ተመስገን።

ሲስተር ሱንሂ ምሳ አልቀመሰችም። ከኮሪያ በሚሲዮን መጥታ እዚህ ደብረ ታቦር ስትቀመጥ ዓመታት ሆኗታል፣ እንዲህ ተክዛ ግን አይቻት አላውቅም። አማርኛው ሲያቅታት የምተረጉምላት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን ራሷ በአማርኛ ሞከረችው።

"ትዝታ፣ በአገሬ ለአገር የሞቱት ሰዎች ቀን እየመጣ ነው። በእናንተ ግንቦት 29። እዚህ ኮሪያ የዘመተ ሰው መቃብር አለ? አበባ ላኑር።"

አለ። የእማዬ አጎት፣ አስር አለቃ ማሩ። ዘምተው፣ በደህና ተመልሰው፣ አርጅተው ነው የሞቱት። ሚካኤል ተቀብረዋል። ግን እማዬን ማን ይጠይቃታል?

ግንቦት 25
ጠየቅኋት።

"ጴንጤዋ? አጎቴ መቃብር ላይ ምን አላት?"

"አበባ ልታኖር ነው እማዬ።"

"እሷ ዘንድ ሥራ ስትይዢ ሃይማኖትሽን እንዳትለቂ ያልኩሽን አትርሺ።"

ሽንኩርት እየላጠች፣ "አጎቴ የዚያን አገር ብርድ ሲያወራ እንባው ይመጣ ነበር" አለች። ከዚያ ደግሞ፣ "እሺ በያት። እኔም እመጣለሁ። ብቻዋን አትገባም።"

ግንቦት 27
ጰራቅሊጦስ። ከቅዳሴ በኋላ እማዬ ራሷ ቄሱን አናገረቻቸው። "ለሙት አበባ ማኖር ምን ክፋት አለው? ስብከት ግን የለም" አሉ።

ስንወጣ ከገጠር የመጣች የሩቅ ዘመድ "ደረጄስ ደህና ነው?" አለቻት።

"ዘመቻ ላይ ነው" አለች እማዬ። ፊቷ እንኳ አልተለወጠም።

ወንድሜ ደረጄ ጦር ሜዳ ላይ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ጓደኞቹ መጥተው አረዱን። ሬሳውን ማንሳት አልቻልንም አሉ። እማዬ ምሳ አብልታ ሸኘቻቸው። "ሬሳውን ሳላይ እርሜን አላወጣም" አለች፤ በቃ። ጥቁር አልለበሰች፣ ድንኳን አልተጣለ። ጎረቤቱም እግዜር ያጥናሽ ማለት ፈርቶ ቀረ።

እኔስ? እኔ የማለቅሰው ክሊኒኩ መጋዘን ውስጥ ነው፣ ከፋሻው ካርቶን ኋላ... ሰው ሳያየኝ።

ግንቦት 29
ከየት ልጀምር...

ረፋዱ ላይ ሄድን። በእነሱ አገር ለሙት የሚሆነው ነጭ አበባ ነው፤ ሱንሂ ከክሊኒኩ ጓሮ ነጭ ጽጌረዳ ቆርጣ መጣች። እማዬ ከፊት መራች። "ይኸው አጎቴ።" መስቀሉ ዝጓል፣ ሳር ውጦታል። ሱንሂ ተንበርክካ ሳሩን በእጇ ነቀለች። አበባውን አኖረች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። በአገሯ በዚህ ቀን ሳይረን ሲጮህ መኪናውም ሰዉም ባለበት ይቆማል ብላኝ ነበር። እኛም ዝም ብለን ቆምን።

ሱንሂ ማልቀስ ጀመረች።

እማዬ ጠጋ አለቻት። "ልጄ፣ አጎቴን አታውቂው... ይህ ሁሉ እንባ ለማን ነው?"

"ለአያቴ።"

ቀሪውን በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፣ እኔ ለእማዬ ተረጎምኩላት። ወንድ አያቷ በዚያው ጦርነት ወጥተው ቀሩ። አጥንታቸው አልተገኘም፤ ስማቸው ብቻ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ሚስታቸው ግን አልሞተም አሉ። ማታ ማታ የእሳቸውን ሩዝ ከድነው ያስቀምጡ ነበር። ቤት እንቀይር ሲባሉ "ሲመጣ ያጣናል" ብለው እምቢ።

"አንድ ቀን እንኳ አላለቀሱም?" አለች እማዬ።

"አላለቀሱም። እናቴም አላለቀሰችም። ሕፃን ነበረች... እሳቸው እንዳይሰሙ ብላ ዋጠችው። ሴት አያቴ ከሞቱ በኋላ ነው፣ ጸጉሯ ከሸበተ በኋላ፣ 'አባዬ' ብላ ስትጮህ የሰማኋት።"

ይህን ስተረጉም ድምፄ ተቆረጠ። እማዬ ዓይኗን ከሱንሂ አንስታ እኔ ላይ አሳረፈች።

"አንቺም ተደብቀሽ ነው የምታለቅሽው?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

"እኔን!" አለች። "እኔን ይድፋኝ!"

ከዚያ... ያን ድምፅ መጻፍ አልችልም። "ደረጄ! ደረጄ ልጄ!" ደረቷን እየመታች መሬቱ ላይ ወደቀች፣ እኔም ላይዋ ላይ። ሱንሂ ሁለታችንንም አቀፈችን። ቄሱ ከደጀ ሰላሙ ሮጠው መጡ። ልናነሳት ስንል ከለከሉን።

"ተዉአት" አሉ። "ታልቅስ።"

ሰኔ 1
ድንኳን በራችን ላይ ቆሟል። ሰዉ የት ነበር ይሄን ያህል ጊዜ? ጎረቤታችን እትዬ ሩቅያ የጨርቅ ሱቋን ዘግታ መጣች። "ፈንታነሽ እህቴ፣ ስንቴ ደጃፍሽ ደርሼ ተመለስኩ" አለቻትና አንገቷ ላይ ወደቀች። ሁለቱም ተላቀሱ።

ሱንሂ ከሴቶቹ ጋር ፍራሽ ላይ ስትቀመጥ አንድ ዘመዳችን ጮክ ብሎ፣ "ሚሲዮኗ እዚህ ምን ትሠራለች? በለቅሶ ቤት ነፍስ ልታጠምድ?" አለ።

ሰዉ ወደ እማዬ ዞረ።

የእማዬ ድምፅ ሻክሯል፣ ግን ሁሉም ሰማት። "እኔን አላስካደችኝም፤ አስለቀሰችኝ እንጂ። ትቀመጥ።"

ሱንሂ "ምን አለች?" አለችኝ። ነገርኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ስትሄድ በሩ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ "እኔም አያቴን በአገሬ አልቅሼ አላውቅም ነበር።"

ሰኔ 3
ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ከዓመት በኋላ።

ሰኔ 6
ፍትሐት ተደረገለት። ሬሳ የለ፣ ሳጥን የለ። ቄሱ የክርስትና ስሙን ሲጠሩ እማዬ እጄን ጨበጠችኝ። አላለቀሰችም ዛሬ። አዳመጠች።

ሰኔ 14
እማዬ ማለዳ ተነስታ ስንቅ ቋጠረች። የት ነው? ጉና ሥር፣ አሰለፈች የምትባል ሴት ዘንድ። ልጇ ከደረጄ ጋር አብሮ የወጣ ነው፤ እሱም ሞቶ ሬሳውን ያነሳው የለም። መርዶ ነጋሪ ሲመጣባት በሯን ትዘጋለች አሉ።

"እማዬ፣ አንቺንም ብትመልስሽስ?"

"ደጇ ላይ እቀመጣለሁ። እስክትከፍት።"

"ስትከፍትስ ምን ልትያት ነው?"

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች።

"የኔን ልጅ እነግራታለሁ... እንዴት እንደነበረ፣ ሳቁን፣ ነገረ ሥራውን። ከዚያ የእሷን እጠይቃታለሁ።"

ወጣች። እስከ መንገዱ ሸኘኋት።