እምቢታውንም የሚቀበል አለ

ይድረስ ለወንድሜ ለአቡበከር፣ ጅዳ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድምዓለም፣ እንዴት ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ? ባለቤትህ ዓፊያና ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እማን ጉልበቷን አልፎ አልፎ ያማታል እንጂ ወዲያ ወዲህ ትላለች። የጨፋው ማሽላ ተወቅቶ ገብቷል። ስልክ ስለማታነሳ ይህን ለፋጡሜ ሰጥቻታለሁ፤ ለዑምራ ስትመጣ በእጅህ ታደርስልኛለች።

በሥራ በኩል፣ የሰንበቴንና የባቲን የከብት ዋጋ የሚያሳየው ድረገጻችን ሰሞኑን እየወደቀ አስቸገረን። የተጻፈው በጃቫስክሪፕት ነው። ፕሮግራሙ ከሩቅ ዋጋ ሲጠይቅ «ፕሮሚስ» የሚሉትን ይይዛል፤ እሱም ወይ ዋጋውን ያመጣል፣ ወይ «አልተሳካም» ይላል። ያን «አልተሳካም» የሚቀበል ኮድ ከሌለ፣ ድሮ ማስጠንቀቂያ ብቻ ጽፎ ያልፍ ነበር፤ አዲሱ እትም ግን ፕሮግራሙን እንዳለ ያጠፋዋል። ባቲ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ሰንበቴም አብሮ ይጠፋ ነበር።

አብሮኝ የሚሠራው ሙሀመድአሚን መቀበያ ጻፈለት፤ ውስጡን ግን ባዶ ተወው። ስህተቱን ይቀበላል፣ ምንም አያደርግም። መውደቁ ቀረ። ገጹ ግን ያለፈውን ሳምንት ዋጋ የዛሬ አስመስሎ ሲያሳይ ሰነበተ፤ ሰዎችም አምነውት ግመል ነድተው ባቲ ድረስ ሄዱ። ኮዱን ሳየው ራሴን ያየሁ መሰለኝ። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቁኝ ከመጡ ወዲህ እኔም እንዲሁ ነኝ። ይነግሩኛል፣ እሰማለሁ፤ አይከፋኝም፣ ደስም አይለኝም።

አባታችን ካረፈ ወዲህ ወሊዬ አንተ ነህ፤ ያላንተ ቃል ኒካሕ አይታሰርም። የሙሀመድኑር ሽማግሌዎች ከሰንበቴ ተመላልሰው መጡ፤ እማ «ወንድሟ መልስ ይስጥ» እያለች ሸኘቻቸው። መልእክቶቼን አንብበሃቸዋል፣ አልመለስክም። እማ ስምህ ሲነሳ «ያ ኢልመ ኮ»፣ ልጄ ሆይ ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ሽማግሌዎቹ ከረመዳን በፊት ቁርጡን ካልሰሙ ሌላ ቤት እንደሚሄዱ ሰው ልከው ነግረውናል።

ኮዱን አስተካክዬዋለሁ። አሁን ካልተሳካ ገጹ «የዛሬው የባቲ ዋጋ አልደረሰም» ብሎ በግልጽ ይጽፋል፤ ሰንበቴ ሥራውን ይቀጥላል። ሰውም አልተቆጣም፣ አውቆ ቤቱ ይቀመጣል። አንተም መምጣት ካልቻልክ ለአጎታችን ለአደም ውክልና ስጥ። ሰውየውን ካልወደድከውም እምቢ በል። እምቢታህን እቀበላለሁ፤ ምን እንደማደርግበት አውቃለሁ። ዝምታህን ግን ምን ላድርገው?

እማ ሰላም ትልሃለች። አጎታችን አደም ዱዓ ያደርግልሃል። ትንሿ እህታችን ሚስራ ድምፅህን ረስቼዋለሁ ብላሃለች። ሙሀመድኑር ሰላም በይልኝ አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

እህትህ ረቢአ
ከሚሴ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.