በመስታወት ውስጥ ስላስቀመጡት ሰማንያ አምስት

ክቡር የዩኒቨርሲቲው ቤተ መዛግብት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን አሉ እላለሁ። ደረትዎ ሳይጠብብዎ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ሳያጥርዎ፣ በዚያ ሰፊ ወንበርዎ ላይ ብዙ ዓመት ያቆይዎ። ይህን የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ሴት ልጄ ናት። ፊደል አልቆጠርኩም። ቁጥር ግን ከጸሐፊዎ የተሻለ አውቃለሁ። ልጄ ይህቺ ትቅር ብላኝ ነበር፤ ጻፊ ብያታለሁ።

አሥራ አራት ካርቶን ወረቀታቸውን እርስዎ የሚጠብቁላቸው የሟቹ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ምድጃ ጠባቂና ሚዛን አንባቢ ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት። ካርቶኖቹ ላይ «የኢኦርጋኒክ ውህዶች ትነት» ተብሎ እንደተጻፈ ልጄ አንብባልኛለች። እኛ በእጃችን የምናውቀው እንዲህ ነው፦ ጨው የመሰለ ዱቄት በትንሽ ጀልባ ቅርጽ በተሠራች ዕቃ ውስጥ እናደርጋለን፤ እሷን ሙቀት በሚችል ቱቦ ውስጥ ከትተን እናግላለን፤ ዱቄቱ ይተንና በቱቦው ቀዝቃዛ ጫፍ ላይ እንደ ውርጭ ይጋገራል። ከጀልባዋ የጎደለውና ጫፉ ላይ የተገኘው እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ አንድ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው።

ፕሮፌሰሩ ሚዛን ሲነበብ ጀርባቸውን አዙረው ነበር የሚቀመጡት። እኔ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ እሳቸው ይጽፋሉ። «ፊደል የቆጠረ ረዳት ደብተሬን እያየ የምመኘውን ቁጥር ይጠራልኛል፤ አንተ ግን ምን እንደምመኝ ስለማታውቅ አትዋሸኝም» ብለው ነው የቀጠሩኝ። ስሜንም ትተው «ሚዛኔ» ይሉኝ ነበር።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ያልተቆጠረ ነገር እንደማይቀበል አይቻለሁና።

አንደኛ፣ ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። ከደብተሮቹ ባንዱ ላይ የማርመው ነገር አለኝ ብዬ ብመጣ «በአመልካቹ በራሱ የእጅ ጽሑፍ የሚሞላ» የማንበቢያ ፈቃድ ወረቀት ሰጡኝ። ልጄ ትሙላልኝ ብል አይሆንም ተባለ። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ሠራተኛዎ በጣም ትሑት ናት፤ «አባባ፣ ማንበብ ካልቻሉ የማንበቢያ ፈቃድ ምን ያደርግልዎታል?» አለችኝ። የመጣሁት ላነብ አይደለም ልጄ፣ አሳስቼ ያነበብኩትን ላስተካክል ነው ብላት «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

ሁለተኛ፣ አራት ወር አስበው ስለጻፉልኝ መልስ እጅ እነሳለሁ። «ሰነዶቹ እንዳሉ ይጠበቃሉ፤ ስሕተት ቢኖር እንኳ የታሪክ አካል ነው» ይላል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ እርስዎ እንኳ አላጠቡም፤ በካርቶን፣ በነጭ ጓንት፣ በልክ በቀዘቀዘ ክፍል ውሸቴን ጠበቁልኝ። እናት እንዲህ አትጠብቅም።

ሦስተኛ፣ መዝገብዎ ላይ «ረዳት፦ ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። ሃያ ሁለት ዓመት እሳት ፊት ቆሞ ያልታወቀ! ይሁን፣ ይህን ትቼዋለሁ። አልተውኩትም፤ ግን ከሚቀጥለው ይቀላል።

አራተኛ፣ መግቢያው ላይ በመስታወት ሣጥን ስላስቀመጡት ገጽ ነው። «እንከን የለሽ ልኬት» ብላችሁ ለጎብኚ ታሳያላችሁ። ፊደሉን ባላነብም ቁጥሮቹን ገና ከሩቅ አወቅኋቸው፤ ሰማንያ ስድስት፣ ከጎኑ ሰማንያ አምስት። ጠባቂው «መስታወቱን አይደገፉ» አለኝ። ልደገፍ አይደለም፣ ቁጥሩን ቀርቤ ዳግም ላየው ነው።

የዚያን ቀን ቤቴ ጣሪያ ይመታ ነበር። አናጢው «ካልመጣህ ጥዬ እሄዳለሁ» ብሎ ልኮብኛል። የሚተነው ካድሚየም የሚሉት ብረት ጨው ነው፤ መርዝ ነው፣ ሁለታችንም እናውቃለን። የቱቦውን መጋጠሚያ ቅባት ቀብቶ በሽቦ ማሰር የእኔ ሥራ ነበር። አሰርኩት፤ ቅባቱን በጥድፊያ ረሳሁት። ፕሮፌሰሩ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር አፍንጫቸው መጋጠሚያውን ሊነካ ጎንበስ ብለው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያዩ ቆዩ። «ሚዛኔ፣ አፌን ብረት ብረት አለኝ» አሉ። «ውሃ ይጠጡበት ጋሼ» አልኳቸው።

ቱቦው በርዶ ስፈታው መጋጠሚያው ደረቅ ነው፤ በውጭ በኩል ነጭ ነገር ተለቅልቆበታል። በእጅጌዬ ጠረግኩት። ከጀልባዋ የጎደለውን ሰማንያ ስድስት ሚሊግራም አስቀድሜ ጠርቻለሁ። ጫፉ ላይ የተገኘውን ስመዝን ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ሆነ። እውነቱን ብናገር ሥራው ከሀ ሊጀመር፣ አናጢውም ሊሄድ ነው። ልክ ሰማንያ ስድስት ብል ደግሞ ይጠረጥሩኛል። ሰማንያ አምስት አልኩ። «ጎሽ!» አሉ፤ ጀርባቸው ሲስቅ አየሁት።

ልጄ እዚህ ላይ እጇን አቁማ «አባዬ፣ ይህም ይጻፍ?» አለችኝ። ጻፊ።

በማግስቱ ትኩሳት ጣላቸው፤ ጉንፋን ነው ተባለ። ሳሉ ግን ከደረታቸው ሳይወጣ ከረመ። ሐኪሙ «በቅርቡ የሾለከ ትነት ነበር ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ደብተሩን አስመጥተው በኩራት አሳዩት፤ ምንም የሾለከ የለም፣ ይኸው እኩል ነው። ደብተሩን ተሸክሜ የወሰድኩላቸው እኔ ነኝ። አልጋቸው ራስጌ ቆሜ ዝም አልኩ። በአምስተኛው ዓመት ቀበርናቸው። ያ ትነት ይሁን ሌላ፣ አላውቅም፤ ሐኪሙም እንዳያውቅ አድርጌያለሁ። ጣሪያዬ እስከ ዛሬ ጠብታ አያፈስም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ እያደር ከበደኝ። ፕሮፌሰሩ በጠራራ ፀሐይ ይመጣሉ። ጓዳዬ በር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቀመጣሉ፤ አንድ ቀን እንኳ ዞረው አላዩኝም። «ሚዛኔ፣ ስንት አልክ?» ይላሉ። የመስኮቱ ደፍ ላይ ነጭ አቧራ ባየሁ ቁጥር እጠርጋለሁ፤ ምራቴ «አባባ፣ እንጨቱን ጠርገው ጨረሱት እኮ» ትላለች። የእርስዎም ቢሮ ደጃፍ ላይ ተራ ስጠብቅ በንባብ ክፍሉ መስታወት አሻግሬ አየኋቸው፤ ጀርባቸው ነው፣ አልተሳሳትኩም።

እንግዲህ የምለምነው ያንን ሰማንያ አምስት የምታርም አንዲት የኅዳግ መስመር ነበረች። ከእኔ በኋላ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ማኅተምዎ ሳይደርቅ፣ ወንበርዎ ሳይነቃነቅ፣ የጠበቁት ሁሉ እውነት ሆኖ እንዲያገኙት እየተመኘሁ፣ ለመፈረም ስለማልችል አውራ ጣቴን በቀለም ነክሬ ከዚህ በታች አሳርፌያለሁ።

የምድጃው ሰው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ ይህ ግልጽ ደብዳቤ በጋዜጣ ከመውጣቱ በፊት አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤትዎ ወስዳ ገቢ አስደርጋዋለች። ስለ አንድ ስብስብ የደረሰ ደብዳቤ ሁሉ ተቆጥሮ ከስብስቡ ጋር እንዲቀመጥ፣ እንዳይጣልም የራስዎ ደንብ ያዛል አሉ፤ ደንብ አክባሪነትዎን ስለማውቅ አልሠጋም። የዚያን ቀን ጫፉ ላይ የተገኘው እውነተኛ ቁጥር ሃምሳ ዘጠኝ ነው። የቀረው ሃያ ሰባት ሚሊግራም ግን በየትኛውም ካርቶንዎ ውስጥ የለም፤ አብሯቸው ተቀብሯል።