አባባ ያልሰሙት የመኪናችን ጩኸት

ውድ ወንድሜ ኬቲል፦

እንደምን ከርመሃል? አንተ በመርከብህ፣ ማሪት በቤቷ፣ ልጆቹ በትምህርታቸው እንዴት ናችሁ? ያ ሲያስቸግርህ የነበረው ትከሻህ ተሻለህ ወይስ አሁንም መረብ ስትጎትት ይወጋሃል? የኦሌሱንድ ዝናብስ ፋታ ሰጣችሁ? እኛ በጤና በኩል ክፉ አልነካንም፤ በጎቹም ከተራራው በሰላም ወርደዋል። ደህና ነን ብዬ እንዳልፈው ግን ሆዴ እምቢ አለኝ። ተናድጃለሁ ኬቲል። ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንዱ አንተ ነህና አረፍ ብለህ አንብበው።

ለምን አትደውዪም እንዳትለኝ። ስልኩ ያለው ወጥ ቤት ነው፤ ወጥ ቤት ደግሞ እማማ አለች፤ እማማ ባለችበት ይህን ማውራት ክልክል ነው። ለምን እንደሆነ ትደርስበታለህ።

ነገሩ የፒክአፗ ነው። ከኋላ ጎማዎቿ መሃል ያለው ዲፈረንሻል ኦገስት ላይ እያጉረመረመ መጥቶ በመጨረሻ ዘይቱን ስናወጣው የብረት ብናኝ ይዞ ወረደ። አባባን ታውቃቸዋለህ። በዚህ ሸለቆ ዲፈረንሻሉ የታመመበት ሁሉ ሲጎትት የሚያመጣው እኛ በረት ነው፤ እሳቸውም መለኪያ ሳይነኩ በጆሯቸው ብቻ ሲያድኑት ኖረዋል። እኔ ከተማ ወደሚገኘው ጋራዥ እንውሰደው ብል «ሐኪም ቤት ያለው ሰው ሌላ ሐኪም ቤት ይሄዳል እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። አዲሱ ትልቁና ትንሹ ባለ ጥርስ ማርሽ፣ ዘንጎቹ ከሚሽከረከሩባቸው ኩሽኔታዎች ጋር፣ ከሬይክያቪክ መጣና ሥራው ተጀመረ።

በረቱ ውስጥ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አባባ ኩሽኔታዎቹን በእማማ ምድጃ አጋሉ፤ ትንሹን ጥርስ ከነዘንጉ በረዶ ማስቀመጫው ውስጥ ከበግ ሥጋው ጎን አስተኙት። የጋለው ሰፍቶ የቀዘቀዘው ጠቦ ያለ መዶሻ እንዲገባ ነው። ከዚያ በኋላ የበላነው ዳቦ ሁሉ ግራሶ ግራሶ ይሸታል። እማማ ከጀርባቸው ቆማ «አንተ ሰውዬ፣ ዳቦ ነው የምታበላን ወይስ ኩሽኔታ?» አለች። «ምን አልሽ?» አሉ ዞር ብለው። «ደግ አደረግህ ነው ያልኩት» አለችና ሄደች። እኔም ሳቅኩ። ያኔ መሳቄ አሁን ይቆጨኛል።

ገጥመው ጨረሱና ለሙከራ ወጣን፤ እኔ ነዳሁ። የፍጥነት መለኪያው ገና ሰባ ሳይገባ ከኋላችን አንድ ጩኸት ተነሣ። አስከሬን ፊት ሙሾ የምታወርድ ሴት ጭነን የምንሄድ ነው የመሰለኝ። ወደ አባባ ዞር ብል ፊታቸው በርቷል። «ሰማሽ? ቅቤ ነው፣ ቅቤ!» አሉኝ። ቤት ስንደርስ እማማ በር ላይ ቆማ ነበርና ጩኸቱን ከሩቅ ሰምታለች። እኔ አፌን ስከፍት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ወዲያው ለእሳቸው ጮክ ብላ «እጅህ ይባረክ!» አለች።

በማግስቱ አባባ በጎቹ ጋ፣ እማማ ደግሞ ልብስ ልታሰጣ ሲወጡ ደወልኩልህ። ያልከኝን ታስታውሳለህ? «አባባ ዝም ብሏል ካሉ ዝም ብሏል። እሳቸው ዲፈረንሻል ሲፈቱ አንቺ ሹራብ ትሠሪ ነበር፤ ጆሮሽን ታጠቢ» አልከኝ። ከባሕር ማዶ ሆኖ መኪና መስማት እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። በየቀኑ ያንን ሙሾ እየሰማሁ ኮረብታውን የምሻገረው እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም።

እንዲህ እያለ የበግ መለያው ቀን ደረሰ። የሸለቆው ሰው ሁሉ በጉን ለመለየት በጋራው መለያ በረት ዙሪያ ተሰብስቧል። እኛ ስንደርስ ጎረቤታችን ኦድጌር፣ እንደምታውቀው አፉ ልጓም የለውም፣ አጥሩ ላይ ተቀምጦ «ስቫንሂልዱር፣ ገና ከኮረብታው ማዶ ሳለሽ ሰማንሽ! መኪናዋ ምጥ ይዟት ነው ወይስ ስቱርላ መለከት ገጠመላት?» ብሎ ጮኸ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። አባባ ስማቸው ሲጠራ አፉ ላይ አይተው፣ ሁሉም ሲስቅ አይተው፣ ኮፍያቸውን አነሡና «አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ! እጄ ገና አልዛገም» አሉ።

ሳቁ ቀጥ አለ። ኦድጌር ራሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ኬቲል ሙት፣ ቢስቁባቸው ይሻለኝ ነበር።

ስንመለስ ድልድዩ ጋ መኪናዋን አቆምኩ። «አባባ፣ ዲፈረንሻሉ ይጮሃል። እርስዎ አልሰሙትም እንጂ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እየጮኸ ነው» አልኳቸው። አልሰሙኝም። ይህንኑ ነገር፣ ለገዛ አባቴ፣ በጩኸት ደገምኩላቸው። ትንሽ አዩኝና በሩን ከፍተው ወረዱ፤ በእግራቸው መንገድ ጀመሩ። ይግቡ ብላቸው ወይ ፍንክች። እሳቸው ከፊት፣ እኔ በመኪናዋ ከኋላ እየተንፏቀቅሁ፣ በጎቻችንን የሚነዱት ልጆች እያዩን ቤት ደረስን።

እራት ላይ አባባ ሹካቸውን አስቀምጠው «መቼ ጀመረ?» አሉ። እኔ ጮክ ብዬ «ገጥመው እንደጨረሱ፣ በመጀመሪያው ሙከራ» አልኩ። «መኪናዋን አይደለም» አሉ። እማማ ናት የመለሰችው። እጃቸውን ይዛ፣ ፊት ለፊት እያየቻቸው፣ ጆሯቸው መድከም ከጀመረ ሁለት ክረምት እንዳለፈው ነገረቻቸው። ለካ የራዲዮውን ዜና ስትደግምላቸው፣ በር ሲንኳኳ ቀድማ ስትነሣ፣ ሰው ሲያናግራቸው እሷ ስትመልስ የኖረችው ለዚህ ነው። እኔ አንድ ቤት እየኖርኩ ለፍላፊ ሆነች እያልኩ እበሳጭባት ነበር። እሳቸውም «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አሉ። «ነግሬህ ነበር። አልሰማህም» አለቻቸው።

በማግስቱ እንደገና ፈታነው። ከዕቃው ጋር የመጣ ቢጫ ቅባት ነበር፤ አባባ መጀመሪያ «ይህ ጆሮ ለሌለው ነው» ብለው መሳቢያ ውስጥ የወረወሩት። ጥርሶቹን ቀብተህ ስታዞራቸው የሚነካኩበትን ቦታ ያሳይሃል፤ መሃል ለመሃል ከተነካኩ ዝም ይላሉ። የእኛዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ነበር የሚፋጩት። ከትንሹ ጥርስ ሥር ያለችውን ስስ የብረት ቀለበት በወፍራም ለመቀየር አዲሱን ኩሽኔታ ማውጣት ግድ ሆነ፤ ስናወጣው ተሰበረ። ሌላ እስኪመጣ ጠበቅን። ሲመጣ ደግሞ ቀለበቱ ከልክ በላይ ወፈረና የቅባቱ ምልክት ወደ ሌላው ጠርዝ ዘለለ። ፈታን፣ ገጠምን፣ እንደገና ፈታን። ጣቴ ተላጠ፤ መዶሻውን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። አባባ ሄደው አነሡት፣ በሱሪያቸው ጠረጉትና መልሰው አቀበሉኝ። ምልክቱ በመጨረሻ መሃል ሲያርፍ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አውጥተው ጥርሶቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ደስታ ግን አላየሁባቸውም።

ለሙከራ ስንወጣ መንገዱን አላዩም፤ ዓይናቸውን ፊቴ ላይ ተከሉ። ሙሾው ጠፍቷል። ነዳጁን ስለቅ ብቻ ከኋላ ቀጭን ሲቃ ይሰማል፤ ለካ ጥርሶቹ በዚያ ሁሉ መፋጨት ተልጠዋል። ዝም ብሏል ብላቸው ያምኑኝ ነበር። ግን አቁሜ፣ ወደሳቸው ዞሬ፣ «እግሬን ሳነሣ ትንሽ ያለቅሳል» አልኳቸው። እሳቸውም «እንግዲህ ያልቅስ፤ እኔ እንደሆንኩ አልሰማው» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ አብረን ሳቅን። ሳቁም ቢሆን አንጀቴን አላራሰውም።

አሁን አኩሬይሪ ወዳለው የጆሮ ሐኪም ይሂዱ ቢባሉ አሻፈረኝ ብለዋል። ጆሮ ላይ የሚሰካው ነገር የሽማግሌ ነው አሉ፤ ራሳቸው ምን እንደሆኑ እንጃ! እኔ ብለምን ጆሮ ዳባ ልበስ፣ እማማ ብትለምን ያው ነው። የሚሰሙት አንተን ነው። ስለዚህ ከሩቅ ሆነህ «አባባ ካሉ ልክ ናቸው» ማለቱን ተውና፣ ከቻልክ መጥተህ፣ ካልቻልክ በትልልቁ ጽፈህ፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ በላቸው። እኔ ብቻዬን ሁለቱንም መግፋት ደክሞኛል።

እማማ በጣም ትናፍቅሃለች፤ ለልጆቹ የሠራችውን ጓንት በሰው እልክላችኋለሁ ብላለች። ኦድጌር ሰላም በሉልኝ ብሏል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በየመንገዱ ሰላምታ ያበዛል። ማሪትን ጉንጯን ሳምልኝ፣ ልጆቹን እቅፍ አድርግልኝ።

አባባ አሁን ከፊቴ ተቀምጠዋል። ለማን እንደምጽፍ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ከሰላምታቸው ሌላ አንድ ነገር ጨምሪ አሉኝ፤ ቃል በቃል ልጻፍልህ፦ «ኬቲል ጁላይ ላይ ስልክ ደውሎ ብዙ አወራኝ። ድምፁ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። አንድም ቃል ግን ለይቼ አልሰማሁም። ደግ ነው፣ ደግ ነው እያልኩ ዘጋሁት። ምን እንደነበር ይጻፍልኝ።»

እህትህ
ስቫንሂልዱር

ብሬካ፣ ስካጋፍዮርዱር
ሴፕቴምበር 29 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.