በትእዛዝዎ ስለጠፋው የደሴቱ ሰው

ለተከበሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እንደምን ሰነበቱ? እጅዎ፣ እግርዎ፣ በተለይም አንደበትዎ ደህና ነው? አንደበትዎን ለይቼ የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንደበት በአንድ ጠዋት እንዴት እንደሚሄድና በምን ጭንቅ እንደሚመለስ በቤቴ ስላየሁ፣ የሰው ሁሉ አንደበት ያሳስበኛል። የእርስዎ ባለፈው ስንገናኝ በሚገባ ይሠራ ነበርና በዚያው እንዲቀጥልልዎ ከልብ እመኛለሁ።

ማን እንደሆንሁ ቢዘነጉ አልቀየምም፤ ሥራ የሚበዛበት ሰው የሁሉን መልክ ሊይዝ አይችልም። በኮምፒውተር ክፍልዎ ጥግ ተቀምጬ የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ስተክል የነበርሁት ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ በአውቶቡስ መነኻሪያው ድምፅ ማጉያ የትኛው መኪና ወዴት እንደሚነሳ ሲናገር የኖረው፣ ሰፈሩ «መለከት» እያለ የሚጠራው ሰው ነው። ምናልባት እርስዎም በወጣትነትዎ በእሱ ድምፅ ተጣድፈው አውቶቡስ ደርሰውበት ይሆናል። ያ ድምፅ ባለቤቴ ፊቱን እየታጠበ ሳለ ሄደ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁ ተጨብጦ ቀረ፤ ቃልም ጠፋበት። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋልም፤ መልሱ ግን ጉሮሮው ላይ ደርሶ ይመለሳል። እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ማዞር የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እጁን እንዲያሠራበት ለስላሳ ኳስ ሰጠችው፤ እሱም በደህናው እጁ በመስኮት ወረወረው። «እንግዲያው ወዶ የሚነካውን ነገር ፈልጊለት» አለችኝ። «እጁ ሥራ ካገኘ ምላሱም ይከተል ይሆናል።» እኔም ፈለግሁ። የመጫወቻ ካርታ ገዛሁ፣ አልነካውም። የሸክላ ጭቃ አመጣሁ፣ ተቆጣ። በመጨረሻ ያገኘሁት ሳልፈልገው፣ ከዝናብ ሸሽተን ወደ ቤተ መጻሕፍትዎ በገባንበት ቀን ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ እርስዎ የማያውቁት መልካም ነገር ሁሉ በቤትዎ እንዲሠራ ስለፈቀዱ አመሰግናለሁ። የኮምፒውተር ክፍሉን የምትቆጣጠረው ልጅ ባለቤቴ ቆሞ ሲያይ ወንበር ሳበችለትና አንድ ጨዋታ ከፈተችለት። መርከቡ የሰጠመበት ሰውዬ በአንድ ባዶ ደሴት ዳርቻ ላይ ይነቃል። መሮጥ የለም፣ መተኮስ የለም፤ የሚያጣድፍም የለም። በማውሱ ቀስቷን ወደ አንድ ነገር ወስዶ መጫን ብቻ ነው፤ ሰውዬው ይሄድና ያነሳዋል፣ ከረጢቱ ውስጥም ይከተዋል። የተሰበረ መስታወት፣ የዛገ ጣሳ፣ ረጅም ሐረግ ያገኛል። ከዚያ የቱ ከየቱ ጋር እንደሚሠራ ማሰብ የተጫዋቹ ፈንታ ነው። መስታወቱ ለፀሐይ ተደቅኖ ደረቅ ሣር ላይ ካበራ እሳት ይወጣል፤ ጣሳው ከዓለቱ ሥር ከተቀመጠ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ ያጠራቅማል። ተጫዋቹ ሲሳሳት ሰውዬው ራሱን ይነቀንቃል እንጂ ሰው ፊት አያዋርድም፤ በዚህ ረገድ ከማውቃቸው ብዙ ኃላፊዎች ይሻላል።

ባለቤቴ መጀመሪያ በግራ እጁ ሞከረ። ልጅቷ የቀኝ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ ፈትታ ማውሱ ላይ አስቀመጠችለት። ቀስቷ እንደ ሰከረ ዝንብ በስክሪኑ ላይ ዞረች። ያን ዕለት ያነሳው አንዲት እንጨት ብቻ ነበር፤ ወደ ቤት ስንመለስ ግን ከፊቴ ቀድሞ ነበር የሚራመደው። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላችን ሁሉ እዚያ ሆነ። ጋዜጣ ሊያነቡ ይመጡ የነበሩ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህርት አጠገቡ መቀመጥ ጀመሩ። እጁ ሲደክም እሳቸው ማውሱን ይይዛሉ፣ እሱ በአገጩ ይጠቁማል። መምህርቷ ችኩል ናቸው፤ ያገኙትን ሁሉ ካገኙት ሁሉ ጋር ያጋጫሉ። አንድ ቀን ሰውዬው አሳ ሊጠብስ ያነደደው እሳት ወደ ጎጆው ተጠጋ፤ መምህርቷም ጣሳውን ከከረጢቱ አውጥተው ውሃውን እሳቱ ላይ ሊደፉት ሆነ።

«ተይ» አለ ባለቤቴ። ከዚያም፣ እያንዳንዷን ፊደል ከጉድጓድ እንደሚያወጣ ሰው፣ «ይጠማዋል» አለ።

መርፌው ጣቴን ወጋኝ፤ እኔ ያወቅሁት በኋላ ሸሚዙ ላይ ደም ሳይ ነው። ልጅቷ ከጠረጴዛዋ ብድግ አለች። መምህርቷ እጃቸውን ከማውሱ ላይ አንስተው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ስባል ኖሬ እንዲህ ያለ ደስ የሚል አንቺ ሰምቼ አላውቅም» አሉና መነጽራቸውን ወለወሉ። ስትሮኩ ከመታው ወዲህ ከአፉ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ለራሱ ምንም ሳይለምን፣ በስክሪን ላይ ላለ ሰው ውሃ አስቀረለት። ከዚያ በኋላ «እዛ» መጣ፣ «ቆይ» መጣ፣ «እሰሪው» መጣ። አንድ ምሽት እቤት ወጥ ላይ ጨው ስጨምር «በቃ» አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እንደገና እንዲለው ስል ጨመርሁበት። ወጡ አልተበላም።

ሁለተኛ፣ በተከበሩ እንግዶች ታጅበው ክፍሉን ስለጎበኙልን አመሰግናለሁ። ያን ቀን ሰውዬው መርከብ ባይኖረው ታንኳ ሊሠራ ግንዶቹን በሐረግ አስሮ ጨርሶ፣ ወደ ባሕሩ ሊገፋት ነበር። እውነት ነው፣ ድምፅ ነበር፤ ሦስት ሰዎች ስንስቅ ይሰማል። እርስዎ ገብተው ስክሪኑን አዩ፣ እንግዶቹን አዩ፣ ከዚያም «ይህ ቤተ መጻሕፍት ነው ወይስ የሕፃናት ማቆያ?» ብለው ጠየቁ። ለጥያቄው መልስ ሳይጠብቁም ማውሱን ከባለቤቴ እጅ ወሰዱት። ክቡር ሆይ፣ ያችን እጅ ለመክፈት ስንት ሰው እንደደከመ ስለማያውቁ፣ ጣቶቹን እንዴት በቀላሉ እንዳላቀቋቸው አልፈርድብዎትም። ባለቤቴ ሊያስረዳዎ ተነሳ። አፉን ከፈተ፣ አንገቱ ተወጠረ፣ ቃሉ ግን እምቢ አለው። እርስዎም በሚያምረው አንደበትዎ፣ «ምንድን ነው የሚሉት? ጠጥተዋል እንዴ?» አሉት። ከእንግዶችዎ አንዱ ሳቀ። ባለቤቴ ተቀመጠ። እኔ ልናገር ስል መምህርቷ ቀደሙኝ፤ እርስዎ ግን ጀርባዎን ሰጥተው ስለ አዲሱ የጣሪያ ቀለም ማስረዳት ጀምረው ነበር።

ሦስተኛ፣ ለፈጣን ሥራዎ አመሰግናለሁ። ደሃ ሰው በመሥሪያ ቤት ፈጣን ሥራ ማየት ስለማይገጥመው ልዩ ትዝታ ሆኖኛል። በማግስቱ ስንመጣ ጨዋታው ከሁሉም ኮምፒውተር ተደምስሶ ነበር፤ «ለቁም ነገር ብቻ» የሚል ማስታወቂያም በር ላይ ተለጥፏል። ልጅቷን ምድር ቤት ወደሚገኘው መጋዘን አዛውረው የተቀደዱ መጻሕፍት እንድትደረድር አደረጓት፤ በደረጃው ላይ ስታገኘን ዓይኗን ከባለቤቴ መለሰች፣ ጥፋተኛዋ እሷ የሆነች ይመስል። በክፍሉ አሁን የሚሠራውን ቁም ነገርም ሄጄ አይቻለሁ። አንድ ጎረምሳ የኳስ ውጤት ያያል፤ የቀሩት ማሽኖች ፕላስቲክ ለብሰው በክብር አርፈዋል።

አራተኛ፣ ብዙ ደጅ ካስጠኑኝ በኋላ ቢሮዎ ስላስገቡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጨዋታው እንዲመለስ፣ ቢያንስ ባለቤቴ የደረሰበት ቦታ ከየትም ተፈልጎ እንዲገኝለት ለመንሁዎት። እርስዎም በትዕግሥት፣ «እናቴ፣ ይህ የዕውቀት ቤት ነው፤ ለሕመም ሆስፒታል አለ። ደግሞስ ያ ነገር ለትልቅ ሰው ምን ያስተምረዋል?» አሉኝ። ቆሜ እየሰማሁዎት ሳለ ከጀርባዎ ያለው የመጽሐፍ ቁም ሣጥን መስታወት የኮምፒውተርዎን ስክሪን ቁልጭ አድርጎ ያሳይ ነበር። ካርታ እየተጫወቱ ነበር። ኧረ እኔ አልወቅስም፤ ኃላፊነት ያደክማል። ብቻ ጥቁሩን ዘጠኝ ቀዩ ዐሥር ላይ ቢያሳርፉት መንገዱ ይከፈትልዎ ነበር። ለመናገር አፍሬ ነው የወጣሁት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም፤ እንዲያው እንደመጣልኝ ይቀበሉኝ።

መምህርቷ ያንኑ ጨዋታ ከየትም ብለው አግኝተው፣ አሮጌ ላፕቶፓቸው ላይ አስጭነው ቤታችን ይዘውት መጡ። ጠረጴዛውን ጠረግሁ፤ ባለቤቴን ትራስ ደግፌ አስቀመጥሁት። ጨዋታው ተከፈተ፤ ሰውዬው ከባሕር ወጥቶ ባዶ እጁን አሸዋው ላይ ተኝቷል። ጎጆው የለም፣ እሳቱ የለም፣ ታንኳዋም የለች። ባለቤቴ አተኩሮ አየው። መምህርቷ፣ «እንደገና እንጀምራለን፤ አሁን መንገዱን እናውቀው የለ?» አሉት። ማውሱን በክንዱ ገፋው።

«ያኛው ሞቷል» አለ።

አጥርቶ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። መምህርቷ ሊያባብሉት ሞከሩ፤ ሰውዬው ያው ነው፣ አልሞተም፣ ታሪኩ ብቻ ነው ወደ መጀመሪያው የተመለሰው አሉት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔም ነገሩን ሳስበው አልተሳሳተም። ውሃ ያስቀመጠለት፣ ዝናብ እንዳይመታው ጎጆውን ቅጠል ያለበሰለት፣ ሊያሻግረው ቃል የገባለት ሰው ሌላ ነው፤ ይሄኛው መልኩ ቢመስለውም አያውቀውም። እጁ ቀስ በቀስ ተመልሶ ተጨበጠ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ባለፈው አይታው፣ «ተሽሎት አልነበረም እንዴ? ምን ሆናችሁ?» አለችኝ። የእርስዎን ስም ልነግራት አስቤ፣ እሷም ተራ የሚጠብቁ ሕመምተኞች አሉባትና ተውሁት።

መምህርቷ ዛሬም ይመጣሉ። ወንበራቸውን እሱ ዘንድ አስጠግተው ብቻቸውን ይጫወታሉ፤ ሆን ብለው ይሳሳታሉ፤ ሐረጉን እሳት ውስጥ ይከታሉ፣ መስታወቱን ባሕር ይጥላሉ። እኔ ከስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ እሱን አያለሁ። አንዳንዴ አገጩ ይንቀሳቀሳል፤ ቃል ግን አይወጣም። መምህርቷ ትንሽ ይጠብቁና «እሺ፣ ነገ» ብለው ይነሳሉ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ጥቂት ነው። ጨዋታውን ለራስዎ ያስቀሩት። ልጅቷን ግን ከመጋዘኑ ያውጧት፤ የሰው ጣት እንዴት እንደሚፈታ የምታውቅ እሷ ናት። እርስዎም አንድ ቀን ያለ እንግዳ ወደ ቤታችን ብቅ ይበሉና፣ ባለቤቴ ጠጥቶ እንዳልነበረ ራስዎ ይንገሩት። መልስ ባይሰጥዎ አይቀየሙ፤ ይሰማዎታል።

ለሕዝብ አገልግሎት ያለዎትን ትጋት እያደነቅሁ፣ ቢሮዎ ሁልጊዜ ሞቅ ያለ፣ ወንበርዎ ሁልጊዜ ለስላሳ፣ እጅዎም የፈለገውን ሁሉ ያለ ረዳት የሚይዝ ይሁንልዎ እያልሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ ነሥቼ ደብዳቤዬን አበቃለሁ።

የመለከት ባለቤት፣ ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት በቤተ መጻሕፍቱ አጥር ላይ ያሰቀሉትን ትልቅ ፖስተር አየሁት። «ለአረጋውያን ወገኖቻችን ልዩ አገልግሎት እንሰጣለን» ይላል፤ ከጽሑፉ በላይም ባለቤቴ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ጥርሱ እስኪታይ ሲስቅ ይታያል። በጉብኝትዎ ቀን ፎቶ አንሺዎ ከእርስዎ ቀድሞ ገብቶ ያነሳው መሆን አለበት። ይውረድ አልልም። ከታመመ ወዲህ እየሳቀ የተነሳው ፎቶ ይህ ብቻ ነውና፣ ፖስተሩ አገልግሎቱን ሲጨርስ ከመጣሉ በፊት ለእኔ እንዲሰጠኝ ጥበቃዎቹን ይዘዙልኝ።