ለአቶ መሸሻ ውኃ እንዳይሰጥ

ጥቅምት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.
ካምፓላ

ለአቶ በየነ
የቡጎሎቢ ኢትዮጵያውያን ዕድር ሰብሳቢ

ጉዳዩ፦ ጋባ በሚገኘው የጸሎት ግቢ ያለው ባለቤቴ በአስቸኳይ ወጥቶ ሆስፒታል እንዲተኛ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች የዕድሩ አባል ነኝ። ባለቤቴ አቶ መሸሻ ናካዋ ገበያ የስፌት መኪና ጠጋኝ መሆኑን ያውቃሉ። ከሁለት ዓመት ወዲህ የጣቶቹ መገጣጠሚያ እያበጠ ብሎን መያዝ አቅቶታል። ከሰኔ ጀምሮ ደግሞ ድምፁ ሻከረ፤ ተቀቅሎ የተፈጨ ሙዝ፣ ማቶኬ እንኳ አልወርድ አለው፤ ውኃ ሲጠጣ ትን ይለዋል።

የጉሮሮ ሐኪም በመሣሪያ አይተው፣ የጣቶቹ በሽታ ማንቁርቱ ውስጥ ወዳሉት ትንንሽ መገጣጠሚያዎች እንደዘለቀና አንደኛው ደርቆ እንደቀረ ነገሩን። ብዙ ጊዜ የማይገጥም ሕመም ነው አሉ። የአየር ቧንቧው በደንብ ስለማይዘጋ የሚጠጣው ወደ ሳንባው ይገባል። ወፍራም ነገር ብቻ እየቀመሰ ሆስፒታል እንዲተኛ አዘዙ።

ታላቅ ወንድሙ አቶ ማዕረግ ግን፣ "ጉልበት እንጂ ጉሮሮ መገጣጠሚያ አለው ሲባል ሰምቼ አላውቅም" ብለው፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ወደ ጋባ ወሰዱት። እዚያ ጠዋትና ማታ የተጸለየበት ውኃ በጆግ ያጠጡታል። ማክሰኞ ስገባ ሁለት ሰዎች ትከሻውን ይዘውት ነበር። ሲያስለው፣ ክፉ መንፈሱ እየለቀቀው ነው ይላሉ። ባለቤቴ እጄን ይዞ አልለቅም አለ፤ ድምፅ ስላልወጣው ምን ሊለኝ እንደፈለገ አላውቅም። እምነት የለሽም ተብዬ ወጣሁ። እኔም ጸበል የምጠጣ ሰው ነኝ፤ ጸሎቱን አልተቃወምኩም።

ዛሬ ጠዋት አቶ ማዕረግ በር ላይ ደስ ብሏቸው፣ "ሳሉ ትናንት ቆመ፤ አሁን ዝም ብሎ ይጠጣል" አሉኝ። ፊቱን ልየው ብል አላስገቡኝም። ከዚያው ወደ ሐኪሙ ሄድኩ። የሰማሁትን ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ ትኩሳት አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላየሁትም አልኩ።

"ሰውነቱ ደክሞ ማሳል አቅቶታል ማለት ነው" አሉ። "ዛሬውኑ አምጪው።"

ግቢው የተከራየው በዕድራችን ስም ስለሆነ በሩ ለእርስዎ ይከፈታል። ይህ ማመልከቻ እንደደረሰዎ ራስዎ ሄደው ውኃውን እንዲያስቆሙልኝና ባለቤቴን እንዲያስወጡልኝ እለምናለሁ። ስብሰባው እሑድ መሆኑን አውቃለሁ። እስከዚያ ከቆየ ግን የሚያስፈልገኝ የዕድሩ ድንኳን ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ዓለምሸት ደምሰው
ቡጎሎቢ